ቀይዋ መብራት ለምን ትደበዝዛለች? ስለ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ዲናሞ

ጥያቄ፦ «ከአባቴ የወረስኩት ቮልስዋገን 1300 አለኝ፤ የ1970 ሞዴል ነው። በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዛሁ። ሁለቱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠዋት ሞተር ማስነሳት አቃታቸው። ቀን ስነዳ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ትጠፋለች። ማታ የፊት መብራት ሳበራ ግን ደብዘዝ ብላ ትታያለች፤ ነዳጅ ስሰጥ ደግሞ ትደምቃለች። አንድ መካኒክ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ ሞተሩ ሲጠፋም “ዲናሞው ሞቷል፤ አውጥተን አልተርኔተር እንግጠም” አለኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ ዲናሞውን (በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዕቃ) አያስወጡ፤ ሦስተኛ ባትሪም አይግዙ። ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ያቺ ቀይ መብራት ማታ ደብዝዛ መታየቷና ነዳጅ ሲሰጡ መድመቋ ነው። ዲናሞ ሲሞት መብራቷ ቀንም ሌሊትም ቦግ ብላ ትበራለች እንጂ እንዲህ ሰዓትና ሁኔታ አትመርጥም። በእኔ ግምት የእርስዎ ዲናሞ ጤነኛ ሆኖ እየሠራ ነው፤ የሚያመነጨው ግን ባትሪው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የምንፈልገው የሚቀርበትን ቦታ ነው።

ብዙ ሰው ቀይዋን መብራት ቻርጅ ሲቋረጥ የምትበራ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ብቻ ያያታል። እውነተኛ ሥራዋ ግን ሚዛንነት ነው። አንደኛው ጫፏ በመክፈቻ ቁልፉ በኩል ከባትሪው፣ ሌላው ጫፏ በሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት በሚቆጣጠረው ዕቃ) ላይ 61 ተብሎ በተጻፈበት መግቢያ በኩል ከዲናሞው ጋር ተገናኝቷል። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ሲከፍቱ በዲናሞው በኩል ቮልት የለም፤ ስለዚህ ከባትሪው የተነሳው ኤሌክትሪክ በአምፖሏ አልፎ በዲናሞው ውስጥ ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ወደተያያዘው የመኪናው ብረት) ይወርዳል፤ መብራቷም ትበራለች። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ቮልት ሲያበጅ ሁለቱ ጫፎች እኩል ይሆናሉ፤ ወዲያና ወዲህ የሚገፋት ስለሌለ ትጠፋለች። አንዱ ጎን ከበለጠ፣ የትኛውም ይሁን፣ በልዩነቱ ልክ ትበራለች። የእርስዎ መብራት ነዳጅ ሲሰጡ የምትደምቅ ከሆነ የሚበልጠው የዲናሞው ጎን ነው ማለት ነው። ዲናሞው በሠራ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ የፊት መብራት ተከፍቶ የሚጓዘው አምፔር ሲበዛ ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል።

እዚህ ላይ እያለሁ ሌሎቹን የመብራቷን ቋንቋዎችም ልጥቀስ። ቁልፉን ከፍተው ጨርሶ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥላለች፣ ገመዷ ተቆርጧል ወይም የዲናሞው ካርቦኖች (ከሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት) አይነኩም። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት፣ ሲሠራ ብልጭ ብልጭ ማለቷ የአሮጌ ዲናሞ ተፈጥሮ ነው፤ አያስጨንቅዎት። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ካወጡ በኋላ በርታ ከቀረች ግን በዚያው ቅጽበት የባትሪውን የማሳ ገመድ ይንቀሉ። በሬጉሌተሩ ውስጥ ባትሪውን ከዲናሞው የሚለየው መዝጊያ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ባትሪው ዲናሞውን እንደ ሞተር ሊያሽከረክር ይሞክራል፣ ቺንጋው ይይዘዋል፣ ጥቅልሉም ይነድዳል።

ወደ እርስዎ መኪና ልመለስ። ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ምልክት ያላት ቮልስ አንድ መምህር አምጥቶልኝ ነበር። እሱም ሦስት ባትሪ ቀይሯል። የኋላ መቀመጫውን አንስቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ የፊት መብራቱን ከፍቼ አሥር ደቂቃ ያህል አቆየሁት። ከዚያ ከሬጉሌተሩ የሚወጣውን ወፍራም ገመድ መሐሉ ላይ በእጄ ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ጣቴን ወደ ጫፉ፣ ወደ መሰኪያው ሳንሸራትት ግን ሙቀቱ ጣት አላስቀምጥም አለኝ። የገመዱ ሽፋን ከጫፉ በኩል ተኮማትሮ ቡናማ ሆኗል። ሽፋኑን በቢላ ስሰነጥቀው ከውስጡ አረንጓዴ ዱቄት እጄ ላይ ረገፈ። ከዚያ ሁሉ ቀጫጭን ሽቦ ጤነኛ ሆነው የቀሩት አራት ወይም አምስት ነበሩ። በሬጉሌተሩ በኩል 14.3 ቮልት፣ በባትሪው በኩል 12.6 ቮልት ለካሁ። ዲናሞው ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሎ ባትሪው ተርቦ ያድር ነበር። የበላውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ መሰኪያ ሳስርለት ጉዳዩ አለቀ።

የእርስዎም መኪና ልክ እዚያው ቦታ ላይ ታማለች አልልም። የምሰጥዎት ቦታውን የሚያገኙበትን ዘዴ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ተራ ቴስተር ብቻ ነው።

አስቀድመው ሞተሩን ያጥፉና ቺንጋውን ይዩ። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረግብ ልክ ነው። ከላላ ይንሸራተታል፤ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። በቮልስ ላይ ቺንጋ የሚጠብቀው ዲናሞውን በመግፋት ሳይሆን በላይኛው ፑሌጃ ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ቀጫጭን ሮንዴላዎች በመቀነስ ነው። ከመካከል ያወጡትን አይጣሉ፤ በውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይመልሱት፣ ቺንጋ ሲቀይሩ ይፈልጉታል። ቺንጋውን አቅልለው እንዳያዩት የምለምንዎት ለቻርጁ ብዬ ብቻ አይደለም። የዚህን ሞተር ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የሚያዞረው የዲናሞው ዘንግ ነው። በጉዞ ላይ ቀይዋ መብራት በድንገት ቦግ ካለች ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቁሙ፤ «እቤት ድረስ ልድረስ» ያለ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ይደርሳል።

ቀጥሎ ባትሪው። ሌሊቱን ሙሉ ከመኪናው ውጭ በቻርጀር ሞልተው፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው ይለኩት። 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው፤ 12.4 ከሆነ ሩብ ያህሉ ጎድሏል፤ 12 አካባቢ ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ሞልቶ አድሮ በማግስቱ ያለ ምንም ሥራ ከወረደ ባትሪው ራሱ ተጎድቷል። ሁለቱ ባትሪዎችዎ የሞቱት ጥራት ጎድሏቸው ላይሆን ይችላል፤ ለሳምንታት ግማሽ ጎድሎ የኖረ ባትሪ ሳህኖቹ በድኝ ጨው ይጠነክራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቢሞሉትም አይዝም። ባትሪ በዚህ ዓይነት ችግር ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም።

አሁን ዋናው ፍተሻ። የኋላ መቀመጫውን ያንሱ፤ በእርስዎ ሞዴል ባትሪው በቀኝ፣ ሬጉሌተሩ በግራ በኩል ተቀምጠው ያገኟቸዋል። አንድ ሰው ነዳጅ ይያዝልዎት፣ ሞተሩ ከሚኒሞ በደንብ ከፍ ብሎ ይሥራ፣ የፊት መብራቱ ይከፈት። መጀመሪያ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ይለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል ከሆነ ባትሪው እየበላ ነው። በእርስዎ መኪና ግን ከ13 በታች እንደሚያገኙ እጠብቃለሁ። ያኔ ቴስተሩን ቮልት ላይ እንዳለ የአንዱን ገመድ ጫፍ በሬጉሌተሩ ቢ ፕላስ (B+፣ ወደ ባትሪው የሚሄደው ገመድ የሚሰካበት)፣ የሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ (ገመዱ በሚታሰርበት ጉብታ) ላይ ያድርጉ። በገመዱ ጫፍ ሳይሆን በእርሳሱ ላይ ማለቴ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክፍተቱ የሚገኘው በእርሳሱና በማሰሪያው መካከል ነው። ጤነኛ መስመር ላይ ቴስተሩ ዜሮ ነጥብ ምናምን ብቻ ያሳያል። እኔ እስከ 0.3 ቮልት ድረስ አልፋለሁ። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ቀማኛው በዚያ መስመር ላይ ነው፤ አንዱን ጫፍ ባለበት ትተው ሌላውን በየመጋጠሚያው እያቀረቡ ይሂዱ፣ ቁጥሩ ድንገት የሚወድቅበት መጋጠሚያ የታመመው ነው።

እዚያ ካልተገኘ በሬጉሌተሩ በራሱ ላይ፣ በዲ ፕላስ (D+፣ ከዲናሞው የሚመጣው ገመድ በሚሰካበት) እና በቢ ፕላስ መካከል እንዲሁ ይለኩ። በእነዚህ መካከል ያለው ከላይ የጠቀስኩት መዝጊያ ነው። ዲናሞው በቂ ቮልት ሲያበጅ ይዘጋና ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፤ ሞተሩ ሲቆም ይከፈታል። የሚነካካበት ነጥብ በዓመታት ብልጭታ ከተቃጠለ ተዘግቶም አያሳልፍም። እዚህ ላይ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካገኙ ሬጉሌተሩ ይቀየር። ነጥቦቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መመለስ ይቻላል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ወር ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ይመለሳል፤ ስለዚህ አልመክርም። ውስጡ ያሉትን ስፕሪንጎች በጉጠት እያጣመሙ ቮልት «ማስተካከል» ግን ፈጽሞ አይፍቀዱ።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ማሳው ነው፤ በቮልስ ላይ ደግሞ ከሁሉም የሚረሳው እሱ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከመኪናው አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው በካምቢዮው አፍንጫ በኩል የታሰረች አንዲት የተጎነጎነች የመዳብ ማሰሪያ ናት። ከሥር ናትና ጭቃና ዘይት ይሸፍናታል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በዲናሞው አካል፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ ያድርጉ፤ ከ0.2 ካለፈ ያቺን ማሰሪያና ባትሪው ወለሉ ላይ የሚታሰርበትን ማሳ ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉ። ሞተሪኖዎ (የሞተሩ ማስነሻ) ጠዋት ጠዋት የሚያቃስተውም በእሷ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚያው እጅዎ ባትሪውን አውጥተው ከሥሩ ያለውን ወለል ይዩልኝ። የባትሪ አሲድ የቮልስን ወለል የሚበላው እዚያ ነው፤ የዛገ ወለል ደግሞ ጥሩ ማሳ አይሆንም።

አንድ አሳሳች ነገር አለ። ከባትሪው ወደ መብራት ማብሪያውና ወደ መክፈቻ ቁልፉ የሚሄደው ገመድ ላይ መጋጠሚያ ከላላም ቀይዋ መብራት ማታ ማታ ልክ እንደ እርስዎ ትደበዝዛለች፤ የባትሪው ጎን ቮልት ስለሚያንስባት። ይህን ለማወቅ በባትሪው ፖዘቲቭና በኮይሉ (ለካንዴላ ብልጭታ በሚሰጠው ጥቅልል) 15 በተባለው መግቢያ መካከል ይለኩ። እንዲህ ያለው ጉዳት ግን የፊት መብራቱን ያደክማል እንጂ ባትሪውን አያስርብም። የእርስዎ ባትሪ ስለተራበ ሐሳቤ አሁንም በቻርጁ መስመር ላይ ነው።

እነዚህ ሁሉ ንጹሕ ሆነው ቢገኙ ያኔ ወደ ዲናሞው እንሂድ፤ አሁንም ሳይወጣ። በዲናሞው ላይ የተሰኩትን ዲ ፕላስና ዲኤፍ (DF፣ የዲናሞውን መግነጢስ የሚቆጣጠረው) የተባሉትን ሁለት ገመዶች ምልክት አድርገው ይንቀሉ፣ ጫፋቸው ምንም እንዳይነካ በፕላስተር ይጠቅልሉ። በአጭር ሽቦ የዲናሞውን ዲኤፍ ከአካሉ ጋር ያገናኙ። ቴስተሩን በዲ ፕላስና በማሳ መካከል አድርገው ሞተሩን ያስነሱ፤ ቀስ እያሉ ነዳጅ ይስጡ። ጤነኛ ዲናሞ ያለ ሬጉሌተር ከ20 ቮልት በላይ ያለ ችግር ይወጣል። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ጥቅልሉን ማቃጠል ነው። ይህ የቦሽ ዲናሞ ፍተሻ ነው። የሉካስ ዲናሞ ያለው የድሮ ላንድሮቨር የያዘ አንባቢ እንዲህ እንዳያደርግ፤ በሉካስ ላይ ኤፍ የሚገናኘው ከማሳ ጋር ሳይሆን ከዲ ጋር ነው።

አንድ ሁለት ቮልት ብቻ ከሰጠ መጀመሪያ ካርቦኖቹን ይዩ። በዲናሞው ጎን ባለው ክፍተት ይታያሉ፤ የላይኛው በቀላሉ ይገኛል፣ የታችኛውን ለማየት ትንሽ መስታወት ያስፈልጋል። ስፕሪንጉን በተቆለመመ ሽቦ አንስተው ካርቦኑን ይሳቡት። ከመያዣው ጠርዝ እኩል እስኪሆን ካለቀ ይቀየር። ካርቦኖቹ የሚረግጡት የመዳብ ከበሮ ቡናማ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ ከሰል ከጠቆረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያዞሩ ይጥረጉት፤ ከተቦረቦረ ግን ወጥቶ በቶርኖ ይላጥ። ብዙ «የሞተ» ዲናሞ በሁለት ካርቦን ተነስቶ አይቻለሁ፤ ለዚህም ነው ሰው ቸኩሎ ሲጥለው ልቤ የሚያዝነው። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ከሆነ ደግሞ ዲናሞው በብረቱ ውስጥ የሚያስቀራትን ጥቂት መግነጢስ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ቺንጋውን አውጥተው፣ ዲኤፍን ከማሳ አገናኝተው፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በወፍራም ገመድ ለጥቂት ሰከንድ ዲ ፕላስን ይንኩ፤ እንደ ሞተር በዝግታ መዞር አለበት። ከዞረ መግነጢሱም ተመልሷል፣ ዲናሞውም በሕይወት አለ።

ስለ መካኒኩ ዘዴ አንድ ነገር ልበል። ሞተር እየሠራ ባትሪ መንቀል ፍተሻ አይደለም። በሚኒሞ የዚያ ዘመን ዲናሞ ምንም ያህል ስለማያመነጭ ጤነኛውም መኪና ይጠፋል፤ ስለዚህ የእርስዎ መኪና መጥፋቱ ስለ ዲናሞው ምንም አልነገረንም። ነዳጅ ተሰጥቶ ቢነቀል ደግሞ የሚያረጋጋው ባትሪ ስለሌለ ቮልቱ ይዘልና አምፖልና ሬጉሌተር ያቃጥላል። አልተርኔተር ላይ ቢደረግማ ዳዮዶቹን ነው የሚጨርሰው።

አልተርኔተር፣ ማለትም ዲናሞን የተካውን አዲሱን ማመንጫ፣ መግጠም በራሱ ስሕተት ነው አልልም። ፋብሪካውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያው ዞሯል። ሒሳቡን እንይ፦ ሁለቱ የፊት መብራቶች በአጭር ብርሃን 80 ዋት፣ የኋላና የሰሌዳ መብራቶች ሌላ 20 ዋት፣ ኮይሉ ሦስት አራት አምፔር፤ ሲደመር ወደ 12 አምፔር ይጠጋል። ፍሬን ሲረግጡ ሌላ ሦስት አምፔር ተኩል ይጨመራል። የ30 አምፔሩ ዲናሞ በሩጫ ላይ ይህን ሁሉ ችሎ ይተርፈዋል። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ማታ በመኪና ሰልፍ እግር በእግር ሲሄዱ ግን የሚከፍለው ባትሪው ነው፤ አርባ ደቂቃ እንዲህ ከቆዩ ከ36 አምፔር ሰዓት ባትሪ ወደ 8 ወይም 9 ይወጣል። በየማታው እንዲህ የሚነዱ ከሆነ አልተርኔተር ይጠቅምዎታል፤ የራሱ መቆሚያ እንደሚያስፈልገው ግን ይወቁ። ገመዱ ሳይጠገን ከተገጠመ ደግሞ የበለጠ አምፔር በዚያው በታመመ መጋጠሚያ ላይ ይጫናል፤ ዛሬ የሚሞቀው ነገ ይነድዳል። ስለዚህ ቢገጠምም ባይገጠምም መጀመሪያ መስመሩ ይጠገን።

ሬጉሌተር መግዛት ከመጣ ወደ ሶማሌ ተራ የሚሄዱት አሮጌውን በእጅዎ ይዘው ይሁን። «የ1962 ቮልስ» ብለው በቃል ቢጠይቁ፣ ሻጩ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሰማዎት የሚያወጣልዎት የ6 ቮልት ዕቃ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1962 ማለት ግን የእርስዎ 1970 ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አስቀድመው ያጣሩ። በ12 ቮልት መኪና ላይ የ6 ቮልት ሬጉሌተር ከገባ ቻርጁን 7 ቮልት አካባቢ ስለሚገታው ባትሪው ጨርሶ አይሞላም። ቮልቱንም አምፔሩንም በዲናሞው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። ሲገጥሙም ዲ ፕላስና ዲኤፍ እንዳይለዋወጡ፤ ከተለዋወጡ አዲሱ ዕቃ ከሱቅ በወጣበት ቀን ይቃጠላል።

ሁሉም ተሠርቶ በባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ ካዩ በኋላ መቀመጫውን ከመመለስዎ በፊት ባትሪው ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን ያድርጉ። ፋብሪካው የሰጠው ክዳን በአብዛኛው ቮልስ ላይ ጠፍቷል፤ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጠው ቢጠቀሙም ይሆናል። የኋላ መቀመጫው ስፕሪንጎች ከባትሪው እርሳስ በላይ ናቸው፤ ሁለት ጎልማሶች ሲቀመጡበት ወርደው ፖዘቲቩን ከነኩት ስፕሪንጉ ይግላል፣ ከላዩ ያለው ሙሊት በእሳት ይያያዛል። የገዙት ባትሪ ከድሮው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ከፍ ያሉ ናቸውና፣ መቀመጫውን ገጥመው በእጅዎ በኃይል ወደ ታች ይጫኑትና በእርሳሱና በስፕሪንጉ መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት መቅረቱን ያረጋግጡ።